የብረት ቀጥቃጩ ሽርጥ

የነገሥታት ሰንደቅ ዓላማ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው። ንጉሡ ዓርማውን ይመርጣል፤ ጥበበኞች ይሰፉታል፤ ሕዝቡ እጅ ይነሣል። ፋርሶች ስለ ታላቁ ንጉሣዊ ሰንደቃቸው ያቆዩት ትረካ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እኔንም ወደ ታሪካቸው የሳበኝ ይኸው ትረካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 በፈጸመው «ሻህናሜ» በተሰኘው መጽሐፈ ነገሥት ውስጥ ዘሃክ የሚባል ጨካኝ ንጉሥ አለ። ከሁለት ትከሻዎቹ ሁለት እባቦች በቅለውበታል፤ እባቦቹም በየዕለቱ የሰው ልጅ አንጎል ካልተመገቡ አያርፉም። ካቬ የተባለ ብረት ቀጥቃጭ ከአሥራ ስምንት ልጆቹ አንድ ብቻ ቀርቶት፣ እርሱም ለእባቦቹ ተራ ሲደርሰው፣ እየጮኸ ቤተ መንግሥት ገባ። በዚያች ሰዓት ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስቦ «ጻድቅና ፍትሐዊ ነው» የሚል የምስክርነት ወረቀት እያስፈረመ ነበር። የካቬን ልጅ መለሱለት፤ ወዲያውም «በል አንተም ፈርም» አሉት። ካቬ ወረቀቱን ቀዳደደው። (የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብን በዚህን ያህል አጭር ትዕይንት ያዋረደ ሌላ መጽሐፍ አላነበብሁም።) ከዚያም ገበያ ወጣ፤ ከእሳት ፍንጣሪ የሚከላከልበትን የቆዳ ሽርጥ ፈትቶ በጦር ጫፍ ላይ ሰቀለው፤ ሕዝቡም ተከተለው።

ካቬ ሕዝቡን እየመራ ወደ ዙፋኑ ወራሽ ወደ ፌሪዱን ሄደ። ፌሪዱን ያንን ቆዳ በሮም ሐር አለበሰው፤ በወርቅና በዕንቁ አስጌጠው፤ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ ዘርፍ አንጠለጠለበት። «ድራፍሽ ካቪያኒ»፣ የካቬ ሰንደቅ፣ ተባለ። ከእርሱ በኋላ ዘውድ የጫነ ሁሉ በላዩ ላይ አዲስ ዕንቁ ጨመረበት፤ በጨለማ ሌሊት እንደ ፀሐይ እስኪያበራ ድረስ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። እያንዳንዱ ንጉሥ ዕንቁ በጨመረ ቁጥር ሽርጡ ከዓይን እየራቀ ይሄዳል። ይህ ማክበር ነው ወይስ መሸፈን? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ። ጢስ የጠገበ፣ ላብ የጠጣ፣ እሳት የበሳሳው ቆዳ ዙፋን እንደሚገለብጥ በተግባር ታይቷል፤ ስለዚህ አይጣልም። ራቁቱን መቆሙ ደግሞ ለንጉሥ አይመችም። ማረሻውንና ጦሩን ከእጁ እየተቀበለ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ በኖረ አገር ለተወለደ ሰው፣ ነገሥታት የቀጥቃጭን ሽርጥ ከፊታቸው አስይዘው ዘመቱ የሚለው ትረካ ቀላል ነገር አይደለም። አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ለመከልከል የተገደዱት በኛው አገር ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ትረካውን እንዳለ አይቀበሉትም። ሰንደቁ በሳሳናውያን ዘመን በእርግጥ ነበረ። ጠቢሪ ከነብር ቆዳ የተሠራ፣ ስምንት ክንድ ስፋትና አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ያለው እንደ ነበር ጽፏል፤ ይህን የሚያህል ሽርጥ የሚታጠቅ ቀጥቃጭ መቼም አይገኝም። የዴንማርኩ ሊቅ አርተር ክሪስተንሰን በ1919 ባሳተመው ጥናት፣ «ካቪያኒ» የሚለው ቃል «ካቪ» ከተሰኘው ጥንታዊ የገዢዎች ማዕረግ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ንጉሣዊ» ማለት ብቻ ነው፤ ቀጥቃጩ ካቬ ከስሙ በኋላ የተፈጠረ ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ያሳምነኛል። ሆኖም ከተረታሁ በኋላ ትረካውን ይበልጥ ወደድሁት። «የንጉሥ» የሚለውን ቃል ሰምቶ «የቀጥቃጩ» ብሎ የተረጎመ ሕዝብ የዋዛ አይደለም!

ሰንደቁ እ.ኤ.አ. በ636 ገደማ በቃዲሲያ ጦርነት በዓረቦች እጅ ወደቀ። ለማረከው ሰው 30,000 ዲናር ተሰጠው፤ እውነተኛ ዋጋው ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደ ነበር የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዕንቁው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ኸሊፋው ዑመር ቆዳውን አቃጠሉት ይባላል። ፊርዶውሲ መጽሐፉን የፈጸመው ከዚህ በኋላ አራት መቶ ዓመት ጥቂት ፈሪ ሲሆን ነው።

በኋለኛው ዘመን የመጣው አንበሳና ፀሐይ ነው። መነሻው የከዋክብት ቆጠራ ነው፤ የእኛው ዐውደ ነገሥት «አሰድ» የሚለው ኮከብ የፀሐይ ቤት ስለሆነ። የሶርያው ሊቅ ባር ሄብሬዎስ እንደሚተርከው፣ በአናቶሊያ የነገሠው ሁለተኛው ኬይኩስሮ (1237-1246) የጆርጂያዊት ሚስቱን መልክ በገንዘቡ ላይ ሊያስቀርጽ ፈልጎ ነበር፤ አማካሪዎቹ ግን በእርሷ ፈንታ አንበሳና ፀሐይን አስቀረጹት። የሳፋቪዱ ሻህ ጣህማስፕ ደግሞ ኮከቡ «ሐመል» ነው ተብሎ በአንበሳው ቦታ በግ አቁሟል። ለሺዓ አማኞች አንበሳው ዓሊ ሆነ፤ ለሌሎች ፀሐይዋ ጥንታዊው ንጉሥ ጀምሺድ። መሐመድ ሻህ በ1836 ሰይፍ የጨበጠውን አንበሳ የመንግሥት ዓርማ አደረገው። በቃጃሮች ዘመን ፀሐይዋ ቅንድቧ የገጠመ የሴት ፊት ነበራት፤ ፓህላቪዎች ፊቷን አጠፉት። እኔ በበኩሌ ባለ ቅንድቧን እመርጣለሁ።

የ1907ቱ ሕገ መንግሥት አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀለማትን ከአንበሳና ፀሐይ ጋር ሲደነግግ፣ ዓርማው የሻሁ ብቻ ሳይሆን የአገሩም ሆነ። ማን እንደ ለበሰው እንጂ ማን እንደ ሰጠው ግን አልታሰበም። በጥቅምት 1971 ሻህ መሐመድ ሬዛ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሰፖሊስ ሲያከብር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግዶቹ መካከል ነበሩ። ባለ አንበሳው ንጉሠ ነገሥት የባለ አንበሳውን ንጉሠ ነገሥት ግብር በሉ። የኛው ዙፋን በ1974፣ የእነርሱ በ1979 ወደቀ፤ ሁለቱም አንበሶች ከሰንደቅ ዓላማው ወረዱ። ኢራን በ1980 አንበሳውን በአዲስ ዓርማ ተካች።

በዚያው ዓመት ቁስለኛ ሲያነሣ የኖረው ቀይ አንበሳና ፀሐይ፣ የኢራን የእርዳታ ማኅበር ምልክት፣ በቀይ ጨረቃ ተተካ። ስሙ ግን በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ውስጥ ከቀይ መስቀልና ከቀይ ጨረቃ ጎን እንደ ተጻፈ ነው። የሚያውለበልበው አገር የለም፤ የሰረዘውም የለም።