ከባዶ እግር ወደ ስስ ሶል

ስስ ሶል የሩጫ ጫማ እግርን ከእሾህ፣ ከጠጠርና ከስለት ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ የለውም። ተረከዙ ከፊቱ ከፍ አይልም፣ ሶሉ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ጣቶችም ሳይጣበቁ ተዘርግተው ያርፉበታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ እንደ አዲስ ግኝት ገኖ የወጣው ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው (ከዚህ በታች፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር፣ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዓይነቱ ግን ከጫማ ሁሉ ጥንታዊው ነው። በ1938 ሉተር ክሬስማን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ኦሪገን፣ ፎርት ሮክ ዋሻ ውስጥ ቆፍሮ ያወጣቸው ነጠላ ጫማዎች ከቁጥቋጦ ልጥ የተጎነጎኑ ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ9,000 ዓመት ይበልጣል። በሰሜን ሜክሲኮ ገደላማ አገር የሚኖሩት ራራሙሪዎች ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው በጠፍር የሚያስሩት ጫማም ሆነ የኢትዮጵያ በረባሶ የዚሁ ዘር ናቸው።

በዚህ ታሪክ የአበበ ቢቂላ ስም ሳይነሳ አያልፍም፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሳው ከነበረበት ሁኔታ ተነጥሎ ነው። የክቡር ዘበኛው ወታደር ለሮም ኦሊምፒክ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ማራቶኑ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ነበር። በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በዓለም ፈጣኑ ሰዓት፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። የአገሩ ልጅ አበበ ዋቅጅራም በባዶ እግሩ ሮጦ ሰባተኛ ወጣ። በማግስቱ ዓመት አበበ ቢቂላ ለውድድር ኦሳካ ሲሄድ የጃፓኑ ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ጫማ እንዲያደርግ አግባባው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሲያሸንፍ ሰዓቱ 2:12:11 ነበር፤ ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኗል። የሮሙን ድል የባዶ እግር ተአምር የሚያደርጉት ጸሐፊዎች ይህን ሁለተኛ ሰዓት ዘለውት ያልፋሉ።

ለኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ ባዶ እግር ከቶ ምርጫ አልነበረም። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ በተፈጠረው የደጋው ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ ሲውል የኖረን ሰው፣ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በውስጥ እግሩ ቆዳ እየሰረጉ ለእግር እብጠት ይዳርጉታል። በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ ይኸው ነው። መንስኤው አፈሩ መሆኑን በ1970ዎቹ ያብራራው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ዋናው መከላከያም እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው።

ከአበበ በኋላ በባዶ እግር የሮጡ ታዋቂዎች ጥቂት ናቸው። እንግሊዛዊው ብሩስ ተሎ በ1962 ቤልግሬድ ላይ የአውሮፓን 5,000 ሜትር አሸነፈ፤ ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ ያደገችው ዞላ በድ በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ 3,000 ሜትር ሮጠች። በዚህ መሐል ጫማው ይወፍር ነበር። በ1970ዎቹ አሜሪካውያን ለጤና ሲሉ በብዛት ወደ ጎዳና ሲወጡ፣ ኩባንያዎች ተረከዙን በስፖንጅ እየደለደሉ ከፍ አደረጉት። የተደለደለ ተረከዝ በተረከዝ ማረፍን ስለሚያመቻች የአሯሯጡ ዘይቤም አብሮ ተለወጠ።

የመልሱ ጉዞ የተጀመረው ከጫማ ሠሪዎቹ ከራሳቸው ዘንድ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቪን ላናና ሯጮቹን በሣር ሜዳ ላይ በባዶ እግር ያለማምድ ነበር፤ የናይኪ ሰዎች ይህን አይተው ሶሉ ሆን ተብሎ ስለተሰነጠቀ የሚተጣጠፈውን ናይኪ ፍሪን በ2000ዎቹ አጋማሽ አወጡ። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው የጣልያኑ ቪብራም ነው። መሥራቹ ቪታሌ ብራማኒ በ1935 ስድስት ባልንጀሮቹ በአልፕስ ተራራ ላይ ሞተውበት፣ በቂ ጫማ ኖሯቸው ቢሆን ይተርፉ ነበር በሚል ቁጭት ወፍራሙንና ጥርሳሙን የጎማ ሶል የፈጠረ ሰው ነበር። የዚሁ ሰው ኩባንያ በልጅ ልጁ ዘመን፣ ሮበርት ፍሊሪ የተባለ የዲዛይን ተማሪ በ1999 ያሰበውን እንደ እጅ ጓንት ባለ አምስት ጣት ጫማ ተቀብሎ ከ2005 ጀምሮ ለገበያ አቀረበው። መጀመሪያ የታሰበው ለሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ነበር፤ ሯጮች ግን ወሰዱት።

በ2009 የክሪስቶፈር ማክዱጋል መጽሐፍ የራራሙሪዎችን የሩጫ ብርታት ሲያወራ ገበያው ጦፈ። በጥር 2010 ደግሞ የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው የውስጥ እግር እንደሚያርፉና ከመሬት የሚመጣው የመጀመሪያ ምት እንደሚቀንስላቸው ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። ጥናቱ ጉዳት ይቀንሳል አላለም፤ አንባቢው ግን እንዲያ ብሎ ተረጎመው።

በ2013 የወጡ ሁለት ጥናቶች ነገሩን አበረዱት። አንደኛው በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ፣ ወገኖቻቸው በኦሞ ወንዝ ግርጌ ያሉ ዳሰነቾችን ተመለከተ፤ ጫማ ሳይለምዱ ያደጉት እነዚህ ሰዎች በረጅም ርቀት ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶው በተረከዝ ነበር ያረፉት። ሁለተኛው በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ባለ አምስት ጣቱ ጫማ ከተሸጋገሩ 19 ሯጮች መካከል በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ የጉዳት ምልክት የሆነ እብጠት አገኘ። ባትና የተረከዝ ጅማት ለዓመታት ያልሠሩትን ሥራ ባንድ ጊዜ ሲሸከሙ ይታመማሉ፤ ለመሸጋገር ወራት ያስፈልጋሉ። ቪብራምም ስለ ጤና ጥቅም በማስታወቂያ ባለው ነገር ተከሶ በ2014 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ገበያው ከዚያ ወዲያ ወደ ተቃራኒው ዞረ። በ2009 የተመሠረተው የጫማ ኩባንያ ሆካ ሶሉን ከቀድሞው ሁሉ አወፈረው፤ ከ2017 ጀምሮም የካርቦን ዝርግ የተጨመረባቸው ጫማዎች ክብረ ወሰን ይሰብሩ ጀመር። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ በ2:11:53 ስትገባ ያደረገችው ጫማ ባለ ወፍራም ሶል ሆኖ ክብደቱ 138 ግራም ብቻ ነበር፤ ውፍረትና ቅለት አብረው አይሄዱም የሚለው የስስ ሶል ወገን መከራከሪያ በዚህ ቀረ። ስስ ሶሉ በእግር ጉዞ፣ በጂምናዚየምና ለእግር ማጠንከሪያ በሚሮጥ አጭር ርቀት ጠቦ ቀጠለ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ሩጫ ሶል ከ40 ሚሊሜትር እንዳይወፍር ወሰነ። ለቅጥነት ግን ወለል የለውም፤ በደንቡ መሠረት አትሌት በባዶ እግሩ ወይም በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ መወዳደር ይችላል።