ከአኮፋዳ እስከ ደረሰኝ

የትምህርት ቤት ወጪ በየዘመኑ ስሙን ሲቀያይር ኖሯል። በንጉሡ ጊዜ «የትምህርት ግብር» ነበር፤ በደርግ «መዋጮ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ»፣ በቅርቡ ደግሞ «ንቅናቄ» ሆነ። ከበሽሎ እስከ ዓባይ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በለጋምቦ፣ በቦረና፣ በሳይንትና በወግዲ፣ ስሙ ሲለወጥ ከፋዩ አልተለወጠም። ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ ባሕር ዛፍ ሽጦ የሚያድረው ያው ገበሬ ነው። ስለዚህ የዚህን አገር የትምህርት ታሪክ የሚመረምር ሰው «ሕዝቡ ለትምህርት ይከፍላል ወይ?» እያለ ባይደክም ይሻላል፤ ሁልጊዜም ከፍሏል። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የተከፈለውን ማን ያዘው? ማን ቈጠረው? ምን ላይ እንደዋለስ ለከፋዩ ማን ነገረው? የደጋው ሰው በትምህርት ክፍያ ያጉረመረመበትን ዘመንና በፈቃዱ ድንጋይ የተሸከመበትን ዘመን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ ልዩነቱ ከክፍያው ብዛት ይልቅ ክፍያው ከከፋዩ ዓይን በመራቁና በመቅረቡ ላይ ያረፈ ሆኖ እናገኘዋለን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት ይህ ደጋ ትምህርትን የሚያኖርበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ትውፊቱ እስከ ብሉይ ኪዳን ዘመን የሚወስዳት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ገላውዴዎስ ያሳነጿት የሳይንቷ ተድባበ ማርያም የዚህ ምስክር ናት። እንዲህ ያለው ደብር በመሬት ይተዳደራል፤ ካህኑም መምህሩም የሚኖሩት ከዚያ መሬት በሚገባው ነው። ተማሪው ግን የሚያድረው በሰፈሩ ሰው እጅ ነው። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ባለቤቲቱ ቁራሽ ትሰጠዋለች። በእስላሙም ወገን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ወሎ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ከሩቅ አገር የሚመጣባት ምድር ነበረች፤ ሸይኹ ያስተምራል፣ መንደሩ ያበላል፣ ዘካውም ሰደቃውም ወደዚያው ይፈስሳል። ይህንን ግብር ነው የሚል የለም። ነገር ግን በተግባር የአካባቢ የትምህርት ክፍያ ነበር፤ ያውም ደረሰኝ የማያሻው። ቁራሹን የሰጠችው ሴት ልጁ ዳዊት ሲደግም በማግሥቱ ከደጀ ሰላሙ ትሰማዋለች። ለማስጌጥ አልልም፤ ይህ ሥርዓት ሴት ልጅን በአብዛኛው አስቀርቷል፣ ተማሪውንም በረኃብና በውሻ አስመርሯል። ቢሆንም ሰጪው የሰጠው የት እንደገባ ያውቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት መልሰው ሊያገኙት ያቃታቸውም ይህንኑ ነው።

መንግሥት በሕግ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ነው። አዋጁ ለትምህርት የሚውል ግብር በመሬት ላይ ጣለ፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ታሰበ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ስለነበር፣ ትምህርት ከሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ የላቀ ክብር ነበረው። ችግሩ ግብሩ የሚሰበሰብበትና ትምህርት ቤቱ የሚቆምበት ቦታ መለያየቱ ነው። መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ደሴ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቱ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው እንደ ደንቡ አስተዳዳሪው፣ ዳኛውና ነጋዴው ከሚኖሩበት ከተማ ጀምሮ ነው። ከዚያ አልፎ ሁለተኛ ደረጃ ልማር ያለ የቦረና ልጅ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ደሴ፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም ወደተጠራው ወደ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ማለም ነበረበት። የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ገበሬ ግን የትምህርት ግብሩን ከመሬት ግብሩ ጋር ይከፍላል፤ መሬቱ የሌላ በሆነበት ቦታም ባለመሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያወርደዋል። በአጭሩ ገጠር ከፈለ፣ ከተማ ተማረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጤና ግብር ሲጨመርም ስሌቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ሐኪም ቤቱም ከተማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክስ ይነሣል። ገበሬው በጠቅላላ ግብርን፣ በተለይም ዘመናዊ ትምህርትን ይጠላ ነበር፤ ስለዚህ የቅሬታው ምንጭ አለመተማመን ሳይሆን ኋላ ቀርነት ነው ይላል ክሱ። ከሳሾቹ ለማስረጃ በ1960 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ በሞጣና በብቸና የተነሣውን የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ይጠቅሳሉ። ዐመፁ ግን የተነሣው በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ምክንያት ነው፤ ገበሬው የፈራው ግምቱ ርስቱን ለመለካትና ለመንጠቅ የሚደረግ መሰናዶ ነው ብሎ ነው። ማለትም የተጠላው መክፈል ሳይሆን ገማቹ ነው። ተቃራኒውን ማስረጃ ደግሞ ከዚያው ዘመን እናገኛለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ሲጀመር፣ ስዊድን የወጪውን ግማሽ ያህል ስትችል ቀሪው ከኢትዮጵያ ወገን፣ በአብዛኛውም ትምህርት ቤቱ ከሚሠራለት ሕዝብ መዋጮ እንዲሸፈን ተደርጎ ነበር። ሕዝቡም በየቦታው ድርሻውን እያሰባሰበ ተራ ጠበቀ። ያ «ኋላ ቀር» ገበሬ ገንዘቡ በቆርቆሮና በድንጋይ ተመልሶ በመንደሩ እንደሚቆም ሲያውቅ ለመክፈል ተሽቀዳድሟል። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መምህራን የትምህርት ሥርዓት ክለሳውን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ብዙ ወላጆችን ያስቈጣቸውም ክለሳው የድኻውን ልጅ በጥቂት ዓመት ትምህርት ወደ እርሻው ይመልሰዋል መባሉ ነበር። ትምህርትን የሚጠላ ወላጅ በዚህ አይቈጣም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን የመሬት ግብር ሥርዓት ሲያፈርስ የትምህርት ግብሩም አብሮ ወደቀ። ቦታውን የያዘው የገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ነው። የእድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ቀጥሎም በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ትምህርትን የከተማ ብቻ ከመሆን አወጡት፤ ዳስ ተጣለ፣ የጭቃ ክፍል ቆመ፣ እናትም አባትም ፊደል ቈጠሩ። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። ሆኖም የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለትምህርት ቤት፣ ለእናት አገር ጥሪ፣ ለመንደር ምሥረታና ለሌላውም በአንድ አንደበት የሚያዝ ሰው ስለነበር፣ ገበሬውን አንዱን መዋጮ ከሌላው መለየት አቃተው። ለልጁ ክፍል እንጨት ያቀበለ ሰው በዚያው ሳምንት ለማያውቀው ነገር ብር ተጠይቋል። «መዋጮ» የሚለው ቃል ዛሬም በገጠር ጆሮ የሚጎረብጠው ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል፤ በቋንቋው መሠረት ግን አብሮ ማዋጣት ማለት ነው፣ ደግ ቃል ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርቱ እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በጀት ወደ ወረዳ ወረደ፤ ክልሉ በቀመር እያሰላ ለወረዳው ጥቅል ድጎማ ይሰጣል፣ ወረዳው ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያና ለግብርና ሠራተኛ ያከፋፍላል። በዚያው ጊዜ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት ተቋቋሙ። በወረቀት ሲታይ የ1940ው ስሕተት ታርሟል፤ ገንዘቡም ሥልጣኑም ቀርቧል። በተግባር ግን ለትምህርት የተመደበው የወረዳ በጀት እጅግ የሚበዛው ክፍል የመምህራን ደመወዝ ነው። ዴስክ፣ ጥበቃ፣ አጥር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ተጨማሪ ክፍል የሚወጣው ከሌላ ኪስ ነው። በ2001 ዓ.ም. የመጣው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ «ስኩል ግራንት» ይዞ መጣ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በአንድ ተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር በዓመት። ትንሽ ነው፤ ግን ርእሰ መምህሩና ወላጆች አቅደው የሚያወጡት ነበር። ቀሪውን ትምህርት ቤቱ ከቅጥሩ ሣር፣ ከባሕር ዛፉ፣ ከእኩል ከሚያሳርሰው ቁራሽ መሬት ይለቃቅማል። በለጋምቦ በመሳሰሉ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተረጂዎቹ የሥራ ቀናት ለክፍል ግንባታም ውለዋል። ያልሞላው በመዋጮ ይሞላል፤ መዋጮው በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያው ጋር ተያይዞ፣ ከሌላ ሌላ መዋጮ ጋር ተደባልቆ ነው። ወላጆች ቦርድ ቢኖራቸውም መጠኑ ከላይ ሲወሰን፣ የቦርዱ ሥራ ማስፈጸም ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከፍትሕ በኩል የሚመጣው ነው። የአካባቢ ክፍያን ማጠናከር ድኻውን ወረዳ ለድኽነቱ መተው አይሆንም ወይ? መልሱን ለመፈለግ አሜሪካን ማየት ይጠቅማል። እዚያ በከተማ ዳርቻ ያለ የትምህርት ወረዳ ነዋሪዎቹን ድምፅ አሰጥቶ በቤትና በመሬት ላይ ግብር ይጥላል፤ ከፋዩ መጠኑን ያውቃል፣ ካልፈለገ ውድቅ ያደርጋል። ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተመለከተው የሳን አንቶኒዮ ጉዳይ፣ ድኻው የኤጅውድ ወረዳ ከባለጠጋው ከአላሞ ሃይትስ የበለጠ የግብር መጣኔ ጥሎ በአንድ ተማሪ የሰበሰበው 26 ዶላር ሲሆን አላሞ ሃይትስ 333 አግኝቷል። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ይህ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም አለ። ቀረብ ካልንም ኬንያውያን ከነጻነት በኋላ በሐራምቤ የሠሯቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥቶቹ እስከ መብለጥ ደርሰው፣ አብዝተው የተጠቀሙት ግን ቡና ያላቸው አካባቢዎች ነበሩ። በልግ በቀረበት ዓመት በግ በርካሽ ለሚሸጥ የሳይንት ገበሬ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ክሱ ልክ ነው፤ ደመወዝና መጽሐፍ ከወረዳው ዐቅም ጋር ሊታሰሩ አይገባም፣ የድጎማ ቀመሩ መቆየት አለበት። ግን ክሱ አንድ ነገር ይስታል። የደጋው ድኻ ዛሬም ከሚታየው በላይ እየከፈለ ነው፤ እኩልነት የተባለው ከመክፈል አላዳነውም፤ ያገደው ከመጠየቅ ብቻ ነው።

ሌላው ወገን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ይነሣል፤ መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበትና መዋጮው ጭራሽ ይቅር ይላል። በመርሕ እስማማለሁ። በታሪክ ግን መዋጮ በአዋጅ ሲቀር አይተን አናውቅም፤ ስሙ ብቻ ይለወጣል። የማይቀር ከሆነ በወሎ ሰው የታወቀ መልክ አለው። ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ቀብሮ፣ አስተዛዝኖ፣ ያጠፋውን ቀጥቶ የሚኖር ማኅበር ነው። ዳኛው በአባላቱ ይመረጣል፣ መዋጮው በስብሰባ ይቈረጣል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ማንም አባል ተነሥቶ ይጠይቃል። ቅሬ የሚያስከፍለው በግዴታ ነው፤ ግን «ተገደድኩ» ብሎ የሚከስሰው የለም። ይህን ለአንድ ክፍል ግድግዳ ማዋል የማይቻልበትን ምክንያት አላይም፤ ቅሬ ትንሽ ነው፣ ወረዳን አያስተዳድርም ለሚሉም፣ ግድግዳም እንዲሁ ትንሽ ነገር ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» በተባለ ንቅናቄ ሕዝቡ ትምህርት ቤቶቹን እንዲያድስ ጥሪ አቀረበ፤ ጥሪው በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣበት ጊዜ ጋር ገጠመና ብዙ ትምህርት ቤት መታደሱ ቀርቶ ተዘጋ። መካነ ሰላም ግን ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት፣ የፌዴራል በጀት የሚገባባት ከተማ ናት። ሰላም ሲሆንና ሁለተኛ ደረጃው ሲከፈት ደግሞ የገጠሩ ልጅ በከተማዋ ቤት ተከራይቶ፣ እንጀራውንና በሶውን ከእናቱ ቤት በትከሻው እያመላለሰ ይማራል፤ አኮፋዳው ፌስታል ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ለቤተሰቡ ከሁሉ የሚከብደው የትምህርት ወጪ ይህ ስንቅና የቤት ኪራዩ ነው። በወረዳው የትምህርት በጀት ሰንጠረዥ ውስጥ የስንቅ ረድፍ የለም።