ከአርዌ እስከ ጀምበር፦ በሥዕል የሚነበብ ታሪክ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሥዕል ያየ ሰው ብዙ ነው። አንድ ሸራ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ አብዛኛውን ጊዜ 44 ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ለዘንዶው ለአርዌ ይገብራል። ዘንዶው ይገደላል። ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፣ ቅመም የበዛበት ራት ትበላለች፣ ሌሊት ውኃ ይጠማታል። ምኒልክ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል። ከየሥዕሉ ሥር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ተመልካቹ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ታሪኩን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል።

ዓለም ይህን ዓይነቱን አተራረክ ዛሬ ኮሚክስ ይለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ኮሚክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ካባ ለብሶ የሚበር ፈረንጅና የልጆች ጨዋታ ነው። ነገሩ ከውጭ የመጣ ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም።

ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነበበው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። የእመቤታችን ተአምራት፣ የጌታ ሕማማት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል እየተከፋፈሉና እየተከታተሉ ይሳላሉ። ሠዓሊዎቹም የራሳቸው ሰዋስው ነበራቸው። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንም ሳያስረዳው ተመልካቹ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ይለያል። ይኸው ሕግ በኋላ ወደ ዓድዋ ሥዕሎች ተሻገረ። ጣሊያኑ በጎኑ፣ የኢትዮጵያ ጦር ፊት ለፊት፣ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሀብት እያለ የኢትዮጵያ ኮሚክስ ለምን ዘገየ? መልሱ ያለው ከብሩሹ ይልቅ ከማተሚያ ቤቱ ዘንድ ነው። በ1938 ሱፐርማን አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። ጋዜጣ አዟሪ የሆነ ልጅ ሊገዛው ይችላል፤ አንብቦም ለጓደኛው ያውሰዋል። በ20ኛው መቶ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተሳሉት የንግሥተ ሳባ ሸራዎች ግን እያንዳንዳቸው በእጅ የተሠሩ ነበሩ፤ ዋና ገዢያቸውም የውጭ አገር ሰው ነበር። ተጠቅልለው በሻንጣ ወጡ። አተራረኩ የአገር ቤት ሆኖ ሳለ አንባቢው ባዕድ ሆነ።

ዓለም በበኩሉ ከበራሪው ጀግና አልፎ ሄደ። በ1978 ዊል አይዝነር በኒውዮርክ የድሆች ሰፈር ኑሮ ላይ የተመሠረተ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። አርት ስፒግልማን አይሁድን በአይጥ፣ ናዚዎችን በድመት መስሎ የአባቱን የእልቂት ትዝታ ተረከ፤ ‹ማውስ› የተባለው ይህ ሥራ በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘ። ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ በ2000 ፈረንሳይ ውስጥ ማሳተም በጀመረችው ‹ፐርሰፖሊስ› አብዮትን በአንዲት ልጅ ዓይን አሳየች። ኮትዲቯራዊቷ ማርገሪት አቡዌ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የ1970ዎቹን የአቢጃን ሰፈር ወጣቶች ፍቅርና ሳቅ ተረከች። ከእነዚህ በአንዱም የሚበር ሰው የለም። ያለው ያዩትንና የሰሙትን ለመናገር የደፈረ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ መንገድ የገባችው በልዕለ ጀግና በኩል ነው። በ2018 በሰራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ ‹ጀምበር›ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎ ‹ሃዊ› መጣች፤ ሴት ጀግና፣ ስሟም ኦሮምኛ፣ ትርጉሙ ምኞት። ‹ይህ የአሜሪካ ቅጂ ነው› የሚል ይኖራል። ዲግሪ ይዞ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ወጣት ግን ከአሜሪካ አልተቀዳም።

የሚቀረው ሁለተኛው እርምጃ ነው። በ2010 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾችን ፎቶግራፍና አጽም ይዟል። በ1977 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ነው። ስፒግልማን መጽሐፉን የሠራው አባቱን አስቀምጦ፣ እየጠየቀና ድምፁን እየቀዳ ነበር። የኢትዮጵያ ሠዓሊ የሚጠይቀው ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፤ ነገ ግን ላይኖር ይችላል።

ሁሉም ታሪክ ደግሞ የሐዘን መሆን የለበትም። የአርሲ ደጋ ብቻውን ስንት መጽሐፍ ይወጣዋል! ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ደብተር የያዘበት ግራ እጁ በዓለም መድረክ ሲሮጥም እንደታጠፈ ቀረ። ይህን አንድ ምስል ከማንኛውም ካባ የሚያስበልጠው ሠዓሊ ብዙ ነው። ደራርቱ ቱሉም በ1992 ባርሴሎና ላይ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ስትሆን መነሻዋ ያው የበቆጂ አካባቢ ነበር።

ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቆላ ሲወረድ በምትገኘው ኦጎልቾ ያለ ልጅ ማንበብ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። የኢትዮጵያ ኮሚክስ ማደጉ የሚለካው በውጭ አገር አውደ ርዕይ ላይ በሚያገኘው ጭብጨባ አይሆንም። የሚለካው ይህ ልጅ በቋንቋው፣ በእጁ ባለው ስልክ ወይም ኪሱ በሚችለው ዋጋ ሊያነበው ሲችል ነው። የንግሥተ ሳባ ሸራ አንድ ጊዜ በሻንጣ ወጥቷል። የሚቀጥለው ታሪክ አገር ቤት ይነበብ።