የጁ

«የጁ» መጀመሪያ የአገር ስም ነው። ወልድያ መቀመጫው የነበረች የቀድሞው የወሎ አውራጃ ነው፤ መርሳንና ሀብሩን ጨምሮ። ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ አይገኝም። መርሳ ገበያ ላይ ግን «እማማ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» ሲባሉ ወረዳቸውን ዘለው «የጁ» የሚሉ አሉ።

ጭቅጭቁ የሚነሣው ቃሉ የሕዝብ ስም ሲሆን ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የጁን ከኦሮሞ ይቆጥሩታል። ሌሎች ደግሞ የግራኝን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ16ኛው መቶ ዘመን ተቀራራቢ ስም መጥቀሱን ይዘው፣ ሕዝቡ ከኦሮሞ መስፋፋት በፊትም ነበረ ይላሉ። ገዥው ቤተሰብ ወረ ሼህ በበኩሉ ዘሩን ከዐረብ አገር መጣ ከሚባል ሼህ ይመዝዛል። ስሙ «የሼህ ቤት» ማለት ነው፤ «ወረ» ግን ኦሮምኛ ነው! ከዚሁ ቤት የወጡት ራሶች ክርስትና ተቀብለው፣ ዳግማዊ ራስ ዐሊ እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ በካሣ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) እስኪሸነፉ ድረስ ጎንደርን በእንደራሴነት ገዙ።

የዛሬው የጁ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነው። «የጁ»ን በአንድ ዘር ስም ፈትቶ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ካጋጠማችሁ፣ አትመኑት።