የበርክሊው የፖሊስ መምህር የኦገስት ቮልመር ዜና

በ1955፣ በኖቬምበር 4 ቀን፣ ኦገስት ቮልመር በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። (በዚህ ዜና የተጻፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ፓርኪንሰንና ካንሰር ተደራርበውባቸው ነበርና ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈች። ለቀስተኛው ከሀገሪቱ ዳር እስከ ዳር ያሉ ፖሊሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸው ወይም የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ናቸውና።

ትውልዳቸው ኒው ኦርሊንስ፣ ወላጆቻቸው ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ናቸው። በ1898 ወደ ፊሊፒንስ ዘምተው ተመለሱና በበርክሊ ደብዳቤ አዳይ ሆኑ። በ1904 ጭነት የያዘ ፉርጎ ከተዳፋቱ አምልጦ ወደ ተሳፋሪ ባቡር ሲንደረደር፣ ሮጠው ዘለው ወጡበትና ፍሬኑን ይዘው አቆሙት። ከተማው ይህን አልረሳም። በተከታዩ ዓመት በ29 ዓመታቸው የከተማው ማርሻል፣ ማለትም የጸጥታ ኃላፊ፣ አድርጎ መረጣቸው፤ በ1909 የፖሊስ አዛዥ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ፖሊስ ማለት ዱላና የፖለቲከኛ ዘመድ ያለው ሰው ነበር። ቮልመር ግን በ1908 የፖሊስ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለተኛ ደረጃ እንኳ ያልጨረሱት ሰው ምልምሎቻቸው ሕግን፣ የማስረጃ አሰባሰብን፣ ፎቶግራፍንና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታን እንዲማሩ አደረጉ። ከበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየመለመሉ የደንብ ልብስ አለበሱ፤ የሌላ ከተማ ፖሊሶችም «የኮሌጅ ፖሊሶች» እያሉ ሳቁባቸው። ተጠርጣሪን ደብድቦ ማናዘዝን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ከፖሊሶቻቸው አንዱ፣ ዶክተር ጆን ላርሰን፣ በ1921 የደም ግፊትንና አተነፋፈስን እየመዘገበ ውሸት ያጋልጣል የተባለውን መሣሪያ የሠራው በእርሳቸው ሥር ነው። መሣሪያው የዝናውን ያህል አልታመነም፤ ሐሳቡ ግን ከዱላ ይሻል ነበር።

አርብ አርብ ፖሊሶቹን ሰብስበው ቅሬታቸውን በግልጽ እንዲናገሩ ያደርጉ ነበር። ባልደረባውን የሚወቅስ ፊት ለፊት ይወቅሳል፤ አዛዡም ከወቀሳው አያመልጡም። ሐሜትን ወደ ስብሰባ መለወጥ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ቀላል ሥራ አይደለም።

በ1919 ዋልተር ጎርደን የሚባል ጥቁር የሕግ ተማሪ ቀጠሩ። አንዳንድ ነጭ ፖሊሶች እርሱ ከገባ እንለቃለን ብለው መጡ። ቮልመርም መልቀቅ የሚሻ ባጁን አስቀምጦ ይሂድ አሉ። ጎርደን በፖሊስነት እየሠራ ተማረ፣ ተመረቀ፤ ኋላም የቨርጂን ደሴቶች ገዢ፣ ቀጥሎም ዳኛ ሆነ።

ነቃፊም አላጡም። የፊሊፒንስን የጦር ስልት ወደ ከተማ ጥበቃ አምጥተዋል የሚሏቸው የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እውነትነት አለው፣ እርሳቸውም አልደበቁትም። በ1923 ሎስ አንጀለስ ለአንድ ዓመት ጠርታቸው ሄዱ፤ የዚያ ከተማ ነገር ግን ብዙም ሳይቀናቸው ወደ በርክሊ ተመለሱ።

ከ1929 ጀምሮ በቺካጎ፣ ከ1931 በኋላ ደግሞ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ፖሊስነትን አስተማሩ። በ1932 አዛዥነቱን ለቀቁ። በ1941 መጨረሻ ተማሪዎቻቸው በቤታቸው ተሰብስበው የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ የአሜሪካ የወንጀል ጥናት ማኅበር ነው፤ በስማቸውም ሽልማት ይሰጣል። በእጃቸው የተቀረጸው ኦ. ደብሊው. ዊልሰን በ1960 የቺካጎ ፖሊስ የበላይ አዛዥ ሆኖ ተሾመ።