ቋንቋ ከሰው ጋር ሲመጣ

በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ከ250 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛና ሌላ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ አገር መምህራን ሆነው ተገናኙ።

በጣና ዳር የእንግዳ ታሪክ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎርጎራ የሰፈሩት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እነፔድሮ ፓኤዝ ለመደመጥ ግዕዝና አማርኛ መማር ነበረባቸው። ሊቅነት በግዕዝ ይለካ በነበረበት ዘመን ቋንቋ ለማጁ እንግዳው ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ነገሩን ገለበጠው። በ1900 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ያስተምር ነበር። ከሁሉም የገነነው ፈረንሳይኛ ነው፤ የጅቡቲው ባቡርም ዲፕሎማሲውም በእሱ ይሠሩ ነበር። የፋሺስት ወረራ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹን ፈጀ። ከ1933 በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በ1943 ትምህርት የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት እነዶክተር ሉሲየን ማት እንኳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ሆነው ሳለ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በጅምሩ ከመቶ ያነሱት ተማሪዎች ከመምህራኑ ጋር በየቀኑ ይነጋገሩ ነበር።

በደርግ ዘመን ነጻ የትምህርት ዕድሉ ወደ ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ምሥራቅ በርሊንና ሃቫና ዞረ። ወደ ሶቪየት የሄደው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሩሲያኛ ይማራል፤ ከዚያ ሒሳቡንም ሕክምናውንም በሩሲያኛ ይፈተናል። በመኝታ ቤትም በገበያም ሌላ መግባቢያ ስላልነበረው ብዙዎች አቀላጥፈው ተመለሱ። ሶቪየት በ1984 ስትፈርስ ያ በር ጠበበ፤ ተተኪም ጠፋ።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አደረገ። በ1992 ፖሊ ቴክኒኩና «ፔዳ» የሚባለው የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ በየክልሉም ዩኒቨርሲቲ በዛ። በ1997 ሁለተኛ ደረጃ የገባው «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት እንግሊዝኛውን በፍጥነት ያወርደው ነበር፤ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው ፕላዝማው አይመልስለትም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የፈተናው ቋንቋ አንዱ መሆኑን መምህራን ያውቁታል።

«የድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ ይችል ነበር» የሚለው ወቀሳ ግን ሚዛን ይጎድለዋል። ያኔ በብርቱ ማጣሪያ ያለፉ ጥቂቶች ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥሩ በመቶ ሺዎች ነው። የጎደለው የተማሪው ጭንቅላት አይደለም፤ የሚያናግረው ሰው ነው። ፈረንሳይኛው፣ የሰላም ጓዱ እንግሊዝኛና ሩሲያኛው የያዙት ተናጋሪው አጠገብ ስለነበር ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ የሚኖረው በሃንዳውትና በመውጫ ፈተና ላይ ነው። መምህሩም ማብራሪያ ሲያስፈልግ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ተማሪው እንዲገባው ሲል ነውና አይፈረድበትም።

ከ2012 ወዲህ የመጣው የፍሬሽማን እንግሊዝኛ ኮርስ ዕድል ነው፤ ሰዋስው ተሸምድዶ የሚታለፍበት ከሆነ ግን ያው ሃንዳውት ነው። ክፍሉ አነስ ብሎ ተማሪው በየሳምንቱ ቆሞ እንዲከራከር፣ እንዲሳሳትና እንዲታረም ቢደረግ፣ የውጭ መምህር ባይመጣም ቋንቋው ተናጋሪ ያገኛል።