ፈረስ ያደርሳል፤ ፈረሱን የሚያደርሰው ግን ጊዜ ነው

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረቱ። ድሉን የሚያመጣው ሰውየው ነው ለማለት ነው። ተረቱ ያልነገረን ግን አንድ ነገር አለ። ወራት ያለ ሥራ የከረመ ፈረስ እንኳን ሊዋጋ፣ ለማድረስም ገና ነው። ይህን የጥንቱ ዘማች በደንብ ያውቅ ነበር። ጦርነትና ድርቅ በተፈራረቁበት በፃግብጂ ዛሬ ከሞት የተረፈች በቅሎ ያለችው ገበሬም ሊያስታውሰው የሚገባ እውቀት ነው።

የድሮው ዘመቻ የራሱ ቀን መቁጠሪያ ነበረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሠራዊቱም ይበተናል። ፈረሱ መስክ ላይ ተለቆ ይሰባል። መስቀል ሲጠባ ግን ኮርቻ ከተሰቀለበት ይወርዳል። የጉግስ ጨዋታ የበዓል ማድመቂያ ብቻ ሳይሆን፣ ፈረስና ፈረሰኛ ከእረፍት በኋላ ዳግም የሚፈታተሹበት ሜዳም ነበር። ጉዞ ሲጀመርም መኳንንቱ ፈረሳቸው ላይ አይወጡም። የሚቀመጡት ሰጋር በቅሎ ላይ ነው፤ ፈረሱ ባዶ ጀርባውን በአሽከር ይሳባል። ነገሩ ክብር ብቻ አልነበረም። ፈረሱ ሰው ሳይሸከም፣ በእርምጃ፣ በየቀኑ አቀበትና ቁልቁለት እየወጣና እየወረደ ይጠነክራል ማለት ነው።

ትልቁ ምሳሌ አድዋ ነው። አፄ ምኒልክ ክተት ያሉት በመስከረም 1888 ነበር። ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ ታዞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ። ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ በራስ መኮንን የሚመራው ግንባር ቀደም ጦር የጣሊያንን ምሽግ ሲሰብር፣ የዋጉ ዋግሹም ጓንጉል ከተሰለፉት መኳንንት አንዱ ነበሩ። ከዚያ የመቀሌ ከበባ መጣ። ዋናው ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ነው። ከአዲስ አበባ ከተነሡ አምስት ወር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር ማለት ነው። የዚያን ዕለት የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ሲያጠቁ፣ ከሥራቸው የነበሩት ፈረሶች ከመስክ የወጡ ሳይሆኑ ወራት በተራራ የተገሩ ነበሩ።

መዘግየትም ግን ዋጋ አለው። የካቲት ሲደርስ የሠራዊቱ ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቢጨመሩ ሰውም ከብትም ይራብ ነበር።

ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሉት ከዚህ ልማድ ጋር ይገጥማል። ያረፈ ፈረስ ሥራ ሲጀምር ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንታት ይመለሳሉ። ጡንቻው ይከተላል። ጅማቱና አጥንቱ ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ያነሣል፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚገነባው፤ በመካከሉ እንደውም ይሳሳል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ደረቱን ነፍቶ «ልሩጥ» የሚልበት ጊዜና እግሩ ሩጫ የሚችልበት ጊዜ አንድ አይደለም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ወር እርምጃ ብቻ የሚሆነው። ቀጥሎ ሶምሶማ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ሽምጥ የመጨረሻው ነው።

ጊዜ ያልተሰጣቸው እንስሳት ምን እንደሚሆኑም ታሪክ አሳይቶናል። በ1860 ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከግብፅ፣ ከፋርስ፣ ከስፔንና ከህንድ በመርከብ የመጡ በቅሎዎች ዙላ ባሕር ዳርቻ ላይ ተራገፉ። በጠባብ መርከብ ቆመው የከረሙ ናቸው። በቂ ውኃም በቂ ነጂም አልጠበቃቸውም። ብዙዎቹ ደጋውን ሳያዩ በጥማትና በበሽታ አለቁ። ናፒየር በመጨረሻ መቅደላ የደረሰው፣ የዋግሹም ጎበዜን ግዛት ጨምሮ በሚያልፍበት አገር ሁሉ የባላገሩን እህልና የጭነት ከብት በገንዘብ እየገዛና እየተከራየ ነው።

ዋግሹም ጎበዜ ራሳቸው አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ በ1863 ክረምት ትግራይ ዘመቱ። ሐምሌ ላይ አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ በአፄ ዮሐንስ፣ ተሸነፉ። ያሸነፋቸው በዋናነት ናፒየር ለካሳ ትቶት የሄደው ጠመንጃና መድፍ ነው። ብዛት ያለው ሠራዊታቸው የዘመተው ግን ሌላው ሠራዊት ከብቱን መስክ በሚለቅበት ወቅት ነበር።

ይህ ሁሉ ለፃግብጂ ምን ይጠቅማል? ሰቆጣ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ የነበረች ከተማ ናት። ወደ ተከዜ የሚወርደው የዋግ ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በጭነት ከብት ጀርባ ነው። ዛሬም መኪና በማይደርስበት ቀበሌ እህልና ውኃ የሚጫነው በአህያና በበቅሎ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ገባ፤ የፃግብጂና የአበርገሌ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለ። በ2015 ክረምት ደግሞ ዝናቡ አጠረና ብዙ ከብት አለቀ። የተረፈው እንስሳ ያረፈ ሳይሆን የተራበ ነው። ይህ ከእረፍት የባሰ ነው።

የተራበ ፈረስ ወይም በቅሎ እህል ሲያገኝ እንደልቡ እንዲበላ ከተለቀቀ ሊሞት ይችላል። ድንገት የሚገባው ገብስ በደሙ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ የመሳሰለ ማዕድን በፍጥነት ያወርደዋል፤ ልብም ይደክማል። ደህናው መንገድ ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየሰጡ ለአሥር ቀን ያህል ቀስ ብሎ መጨመር ነው። ሥጋው ከተመለሰ በኋላ ባዶውን ይሄዳል፣ ቀጥሎ ግማሽ ጭነት፣ ከዚያ ሙሉ። ይህ የሳምንት ሳይሆን የወራት ሥራ ነው።

ችግሩ ገበሬው ወራት የሌለው መሆኑ ነው። ስንዴው የሚከፋፈልበት ቦታ ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ያለችው አንዲት በቅሎ ናት። ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። እርዳታ የሚያቅድ አካል ግን ይህን ማስላት ይችላል። ከስንዴው ጋር መኖ ቢላክ፣ ማከፋፈያው ወደ ቀበሌው ቢጠጋ፣ የእንስሳት ሐኪም አብሮ ቢወጣ፣ ለበቅሎዋ ሁለትና ሦስት ወር ይገዛላታል። ያቺ በቅሎ ዛሬ ከወደቀች የሚቀጥለውን ዓመት እህል የሚሸከመው የሰው ጀርባ ነው።